ተርሚናልን በፓይተን መቆጣጠር፦ ኮዱን በእጅ መጻፍ፣ ኮሎራማ፣ ከርስስ፣ ብሌስድ ወይስ ሪች?

በፓይተን ለሚጻፍ የትእዛዝ መስመር ፕሮግራም ቀለም፣ የሂደት ማሳያ ወይም ሙሉ ስክሪን የሚይዝ ሜኑ መጨመር ሲፈለግ ቢያንስ አምስት መንገድ አለ። አምስቱም ነፃ ናቸው። ከአሮጌ ዊንዶውስ በቀር አምስቱም በመጨረሻ ወደ ተርሚናሉ የሚልኩት ተመሳሳይ ዓይነት ባይት ነው። የሚለያዩት ባይቱን ማን ይጽፈዋል፣ ፕሮግራሙ ሲበላሽ ስክሪኑን ማን ያስተካክለዋል፣ ውጤቱ ወደ ፋይል ሲሄድስ ማን ያጸዳዋል በሚሉት ጥያቄዎች ነው።

ተርሚናሉ የሚደርሰውን ጽሑፍ እንዳለ ያሳያል። ቁጥሩ 27 የሆነው የኤስኬፕ ባይት ሲመጣለት ግን ቀጥሎ ያለውን እንደ ትእዛዝ ያነባል። ይህ አሠራር በሰፊው የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1978 ከወጣው የዴክ ቪቲ100 ተርሚናል ጋር ሲሆን፣ ደንቡ ኤክማ-48 በሚባለው መስፈርት ተቀምጧል። እዚህ «ኢኤስሲ» ሲባል ያ ባይት ነው፤ በፓይተን ስትሪንግ ውስጥ \033 ተብሎ ይገባል። በኮዱ መጨረሻ የምትመጣውን የላቲን ፊደል በስሟ እንጠራታለን። ስለዚህ ቀይ ቀለም «ኢኤስሲ [31 ትንሿ ኤም» ነው፤ ወደ መደበኛው የሚመልሰው ደግሞ «ኢኤስሲ [0 ትንሿ ኤም»። በካፒታልና በትንሽ ፊደል መካከል ያለው ልዩነት ትእዛዙን ስለሚቀይር ልብ በሉ።

በምን እንመዝን?

መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ፦ ፕሮግራሙ መስመር እየጻፈ ወደ ታች የሚወርድ ነው ወይስ እንደ ናኖ ወይም ኤችቶፕ ስክሪኑን ሙሉ የሚይዝ? አብዛኛው የተሳሳተ ምርጫ የሚመጣው ይህን ሳይመልሱ ከመጀመር ነው። ባክአፕ ለሚሠራ ስክሪፕት ከርስስ ይመረጥና ሥራው ሲያልቅ የስህተት መልእክቱ ከስክሪኑ ጋር አብሮ ይጠፋል። ወይም ሙሉ ሜኑ ኮዱን በእጅ በመጻፍ ይጀመርና መስኮቱ በጠበበ ቁጥር ይበታተናል።

ሁለተኛው መመዘኛ የሚሠራበት ቦታ ነው፦ ዊንዶውስ፣ በኤስኤስኤች የሚገባበት የሊኑክስ ሰርቨር ወይስ ዶከር ኮንቴይነር? ከዚያ ውጤቱ ወደ ፋይል ወይም ወደ ሌላ ትእዛዝ ሲተላለፍ ኮዶቹ ምን ይሆናሉ የሚለው ይከተላል። በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች የፊደልን ስፋትና የዓምድ አሰላለፍን እንጨምርበታለን። ዋጋ የሚባል ነገር ካለ የመጫኑ ክብደት ነው፦ ኢንተርኔት በሌለው ሰርቨር ላይ ፓኬጅ በፍላሽ አመላልሶ የጫነ ሰው አንድ ፋይልና አምስት ፋይል እኩል እንዳልሆኑ ያውቃል።

ኮዱን በእጅ መጻፍ

ምንም አይጫንም፤ አሥር ያህል ኮድ መያዝ ይበቃል። ከ30 እስከ 37 የጽሑፍ ቀለም፣ ከ40 እስከ 47 የጀርባ ቀለም፣ ከ90 እስከ 97 ደመቅ ያሉት ቀለሞች ናቸው። 1 ያደምቃል፣ 4 ያሰምርበታል፣ 7 የፊቱንና የጀርባውን ቀለም ያቀያይራል። ለ256 ቀለማት «38;5;» ብላችሁ ቁጥሩን ታስከትላላችሁ፦ የመጀመሪያዎቹ 16 መሠረታዊ ናቸው፣ ቀጥሎ 216 ድብልቆች፣ መጨረሻ 24 ግራጫዎች። የድብልቁ ቁጥር 16 ሲደመር የቀዩ መጠን በ36፣ የአረንጓዴው በ6 እና የሰማያዊው በ1 ተባዝተው ነው፤ እያንዳንዱ መጠን ከ0 እስከ 5 ይሆናል።

ከርሰሩን ወደ 5ኛው ረድፍ 10ኛ ዓምድ መውሰጃው «ኢኤስሲ [5;10 ካፒታል ኤች» ነው። ከርሰሩ ካለበት ቦታ እስከ መስመሩ መጨረሻ ያለውን የሚያጠፋው «ኢኤስሲ [ ካፒታል ኬ» ነው። «[?25 ትንሿ ኤል» ከርሰሩን ይደብቃል፣ «[?25 ትንሿ ኤች» ይመልሳል።

በእጅ ሲጻፍ የሚበላሹት ነገሮች በአብዛኛው እነዚሁ ናቸው። አንደኛው አሰላለፍ ነው። «ስህተት» የሚለው ቃል 4 ፊደል ነው። በቀይ ሲጻፍ መክፈቻው 5፣ መዝጊያው 4 ቁምፊ ይጨምራሉና ፓይተን 13 ብሎ ይቆጥረዋል። ቃሉን በ20 ዓምድ አሰልፍ ብትሉት 16 ክፍት ቦታ በመጨመር ፋንታ 7 ብቻ ይጨምራል፤ በዓይን የሚታየው 11 ዓምድ ይሆንና ሰንጠረዡ ይጣመማል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መጀመሪያ አሰልፉ፣ ከዚያ ቀለም ቀቡ።

ሁለተኛው የሂደት ማሳያ ነው። ባይት 13 ከርሰሩን ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመልሳል እንጂ የነበረውን አያጠፋም። «በመጫን ላይ» ከተጻፈ በኋላ በላዩ «አለቀ» ብትጽፉ ስክሪኑ ላይ የሚታየው «አለቀን ላይ» ነው። ከአዲሱ ጽሑፍ በኋላ ካፒታል ኬን መላክ ጭራውን ይቆርጣል።

ሦስተኛው ሰውን ብዙ ሰዓት የሚያደክመው ነው። ለተጠቃሚ ጥያቄ የሚያቀርበው የኢንፑት መስመር ባለቀለም ከሆነ፣ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሲተየብ መስመሩ ተመልሶ በራሱ ላይ ይጻፋል። ምክንያቱ የሚተየበውን መስመር የሚያስተናግደው ሪድላይን የቀለሙን ኮድ እንደሚታይ ቁምፊ ቆጥሮ የመስመሩን ስፋት መሳሳቱ ነው። እያንዳንዱን ኮድ በ\001 እና በ\002 መካከል ካስገባችሁት አይቆጥረውም።

ከዚያ ጽዳቱ አለ። ከርሰሩን ደብቃችሁ ፕሮግራሙ መሀል ላይ ቢወድቅ ተጠቃሚው ከርሰር በሌለው ተርሚናል ይቀራል። ትራይና ፋይናሊ ለተለመደው ስህተትና ለኮንትሮል ሲ ይበቃሉ። ነገር ግን ፕሮግራሙ ከውጭ «ዝጋ» በሚለው የሲግተርም ምልክት ሲዘጋ ፓይተን በነባሪው ፋይናሊን ሳያስኬድ ነው የሚሞተው፤ ምልክቱን የሚቀበል ፈንክሽን ራሳችሁ መጻፍ አለባችሁ። ወደ ፋይል የሚሄደውንም እንዲሁ፦ ውጤቱ ተርሚናል መሆኑን በኢዝ-ኤ-ቲቲዋይ ጠይቁ፣ ኖ-ከለር የሚባለው የአካባቢ ተለዋዋጭ በተጠቃሚው ተሞልቶ ከሆነም ቀለሙን ተዉት። ይህ ሁሉ 30 መስመር አካባቢ ነው። ከዚያ ካለፈ ላይብረሪ ውሰዱ።

ኮሎራማ

የተወለደው የዊንዶውስ ኮንሶል ኤስኬፕ ኮድ በማይገባው ዘመን ነው። ኮዱን ከውጤቱ ላይ ይይዝና ወደ ዊንዶውስ ጥሪ ይቀይረዋል። ዊንዶውስ 10 ራሱ ኮዱን መረዳት ከጀመረ በኋላ ግን የኮሎራማ ድርሻ ጠቧል። ከስሪት 0.4.6 ጀምሮ ያለውን የዊንዶውስን ኮንሶል ብቻ የሚያስተካክል ፈንክሽን በፕሮግራሙ መጀመሪያ አንድ ጊዜ መጥራት ይበቃል፤ በሊኑክስና በማክ ላይ ምንም አያደርግም። ኢኒት የሚባለው የቀድሞው ፈንክሽን ብዙ ጊዜ ሲጠራ ውጤቱን በተደራረበ ሽፋን ይጠቀልለዋል፤ በአዲስ ሥራ ላይ አትጠቀሙበት።

ጥገኛ ፓኬጅ የለውም፤ ይህ ትልቅ ብልጫው ነው። ከቀለምና ከጥቂት የከርሰር እንቅስቃሴ ያለፈ ነገር ግን አትጠብቁ። ክሊክ የሚባለውን የትእዛዝ መስመር ላይብረሪ የምትጠቀሙ ከሆነ ዊንዶውስ ላይ አብሮ ስለሚጫን ምናልባት ቀድሞውኑ አላችሁ።

ከርስስ

ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣል፣ ከዊንዶውስ በስተቀር። እዚያ ዊንዶውስ-ከርስስ የሚባል የሦስተኛ ወገን ፓኬጅ መጫን ያስፈልጋል።

ከሌሎቹ የሚለየው ስክሪኑን በማስታወሻው ይዞ የተቀየረውን ብቻ መላኩ ነው። ጥቅሙ በደካማ ግንኙነት ላይ ይታያል። 80 በ24 የሆነ ስክሪን 1,920 ቦታ አለው። እያንዳንዱን ቦታ በሙሉ ቀለም ኮድ (ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን እያንዳንዳቸውን ከ0 እስከ 255 በሚሰጠው) ብትቀቡት ረጅሙ ኮድ 19 ባይት፣ አንዱ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚላከው ከ42,000 ባይት ይበልጣል። በሰከንድ አሥር ጊዜ ሲታደስ ከ3 ሜጋቢት በላይ ይሆናል። በሞባይል ዳታ ሩቅ ሰርቨር ላይ ገብቶ ለሚሠራ ሰው ይህ የሚንቀራፈፍ ስክሪን ማለት ነው። ከርስስ ሰዓቱ ብቻ ከተቀየረ የሰዓቱን አኃዝ ብቻ ይልካል።

ችግሮቹም የታወቁ ናቸው። ከርስስ የተርሚናሉን ዓይነት ተርም ከሚባለው የአካባቢ ተለዋዋጭ አንብቦ ጠባዩን በተርምኢንፎ መዝገብ ይፈልጋል። ራሳችሁ ጋር ኪቲ ወይም አላክሪቲ የሚባሉትን ተርሚናሎች ተጠቅማችሁ አሮጌ ሰርቨር ላይ ብትገቡ ያ ስም መዝገቡ ውስጥ ላይኖር ይችላል፤ ፕሮግራሙም ተርሚናሉን አላገኘሁም ብሎ ይቆማል። ተርምን «ኤክስተርም-256ከለር» ብሎ መሙላት አብዛኛውን ጊዜ ያስነሳዋል። ተርም ባዶ በሆነበት ኮንቴይነር ውስጥም የሚታየው ይኸው ስህተት ነው።

በስክሪኑ የቀኝ ታች ጥግ ላይ መጻፍ ስህተት ያስነሳል፣ ከርሰሩ ከዚያ በኋላ የሚሄድበት ስለሌለ። የኤስኬፕ ቁልፍ ሲጫኑ የሚታየው የአንድ ሰከንድ ያህል መዘግየት ደግሞ ከርስስ ቁልፉ ብቻውን ነው ወይስ የቀስት ቁልፍ መጀመሪያ ነው ብሎ ሲጠብቅ ነው፤ ከፓይተን 3.9 ጀምሮ መጠበቂያውን ማሳጠር ይቻላል። ፕሮግራሙን ሁልጊዜ በራፐር ፈንክሽኑ አስጀምሩት፤ ስህተት ሲነሳ ተርሚናሉን ወደነበረበት የሚመልሰው እሱ ነው።

ለአማርኛ ሁለት ነገር አትርሱ። ስክሪኑን ከመክፈታችሁ በፊት ሎካሉን (የቋንቋና የፊደል ቅንብሩን) ከሲስተሙ እንዲወስድ አድርጉ፤ ካልሆነ ፊደሉ ተሰባብሮ ሊወጣ ይችላል። ቁልፍ ስታነቡም የተለመደውን ጌት-ሲኤች ትታችሁ ጌት-ደብሊውሲኤች የሚባለውን ተጠቀሙ፤ የመጀመሪያው «ለ»ን በሦስት የተለያዩ ባይቶች ቆራርጦ ይሰጣችኋል።

ብሌስድ

የከርስስን መዝገብ ይጠቀማል፤ አጻጻፉ ግን እንደ ተራ ፕሪንት ነው። ሙሉ ስክሪን መክፈት፣ ከርሰር መደበቅና ቁልፍ በቁልፍ ማንበብ እያንዳንዳቸው በዊዝ ብሎክ ይከፈታሉ፤ ብሎኩ ሲያልቅ ሁሉም በራሱ ይመለሳል። የማሰለፊያ ፈንክሽኖቹ የቀለም ኮድን አይቆጥሩም፤ ስለዚህ ከላይ ያየነው የ«ስህተት» ችግር እዚህ የለም። ውጤቱ ተርሚናል ካልሆነ ቀለሙን ራሱ ይተወዋል። ዊንዶውስ ላይም ይሠራል።

የተቀየረውን ብቻ መላክ ግን አያውቅም፤ የምትጽፉት ሁሉ ይላካል። ስክሪኑን በየጊዜው ሙሉ በሙሉ ካጠፋችሁ ይብለጨለጫል። በምትኩ ከርሰሩን ወደ መጀመሪያው መልሳችሁ በላዩ ጻፉ፣ በየመስመሩ መጨረሻ የተረፈውን አጥፉ፣ ሁሉንም በአንድ ስትሪንግ ሰብስባችሁ አንዴ ላኩ። ይህ ምክር በእጅ ለሚጽፍም ያገለግላል።

ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሸጋገሩ የቦታ አቆጣጠሩን ተጠንቀቁ። ጥሬው ኮድ ረድፍን አስቀድሞ ከ1 ይቆጥራል፤ ከርስስም ረድፍን ያስቀድማል፣ ግን ከ0 ይጀምራል፤ የብሌስድ ሙቭ-ኤክስዋይ ደግሞ ዓምዱን አስቀድሞ ከ0 ይቆጥራል።

ሪች

ለሚወርድ ጽሑፍ ከሁሉም የበለጠ የሚያምር ውጤት በትንሽ ሥራ የሚሰጠው ይህ ነው፦ ሰንጠረዥ፣ የሂደት ማሳያ፣ ባለቀለም የስህተት ዱካ። ፋይል ላይ ቀለሙን ይተዋል፣ ኖ-ከለርን ያከብራል፣ ተርሚናሉ ስንት ቀለም እንደሚችል ገምቶ ይቀንሳል። ሁለት ፓኬጆችን (ማርክዳውን-ኢት-ፓይ እና ፒግመንትስ) አብሮ ያመጣል፣ የመጀመሪያውም የራሱን ጥገኛ። ኢንተርኔት ካለበት ማሽን ላይ በፒፕ ዳውንሎድ ከነጥገኞቹ አውርዳችሁ ማጓጓዝ ይቻላል።

ወጥመዱ የማዕዘን ቅንፍ [ ] ነው። ሪች ቅጡን የሚቀበለው በማዕዘን ቅንፍ በተጻፈ ምልክት ስለሆነ፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ጽሑፍ ውስጥ በትንሽ የላቲን ፊደል የሚጀምር ቅንፍ ካለ ምልክት መስሎት ሊውጠው ይችላል፤ ከሎግ መስመራችሁ ላይ አንድ ቃል ጠፍቶ ምክንያቱ አይታወቅም። «[ማስታወሻ]» ግን በግእዝ ፊደል ስለሚጀምር ሳይነካ ያልፋል፤ ለዚህም ነው በአማርኛ ሲሞከር ደህና የሚመስለው። በ«[/» የሚጀምር ነገር፣ ለምሳሌ በቅንፍ የገባ የፋይል አድራሻ፣ ከዚያም ይከፋል፦ ያልተከፈተ ምልክት ተዘጋ ብሎ ፕሮግራሙን ያቆመዋል። ከውጭ የመጣን ጽሑፍ በኤስኬፕ ፈንክሽኑ አሳልፉት ወይም ለዚያ ጥሪ ማርክአፑን ዝጉት።

በተወሰነ ሰዓት ትእዛዝ በሚያስነሳው ክሮን ላይ ሲሠራ ደግሞ ስፋት የሚጠይቀው ተርሚናል ስለሌለ 80 ዓምድ ብሎ ይወስዳል፤ ሰፊው ሰንጠረዥ ተጨምቆ ይወጣል። ኮንሶሉን ስትፈጥሩ ስፋቱን በቁጥር ስጡት።

ሪች የቁልፍ ጫናን አያነብም። በመዳፊት የሚነካ ሙሉ አፕሊኬሽን ከፈለጋችሁ በእሱ ላይ የተገነባው ቴክስቹዋል አለ። የትእዛዝ ማሟያና ታሪክ ያለው የጽሑፍ ማስገቢያ ከሆነ የምትፈልጉት፣ አይፓይተን የሚጠቀምበት ፕሮምፕት ቱልኪት ይሻላል።

ፊደሉና ፎንቱ

አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚጻፍ ዓረብኛና ዕብራይስጥ ተርሚናል ላይ የሚያመጡት የአቅጣጫ ጣጣ የለብንም። የእኛ ጣጣ ስፋት ነው። በዩኒኮድ ሠንጠረዥ የግእዝ ፊደል አንድ ዓምድ ይይዛል፤ ላይብረሪዎቹም የሚቆጥሩት እንደዚያው ነው። አብዛኞቹ እኩል ስፋት ያላቸው የተርሚናል ፎንቶች ግን ግእዝ የላቸውም፤ ተርሚናሉ ከሌላ ፎንት ይበደራል፣ ዊንዶውስ ላይ ለምሳሌ ኢብሪማ ወይም ኒያላ፣ ማክ ላይ ኬፋ። የተበደረው ፊደል ለአንድ ዓምድ ሲሰፋ ወይ ይደራረባል ወይ ይቆረጣል።

ችግሩ የኮዱ ነው ወይስ የፎንቱ ለማለት ይህን ሁለት መስመር በተርሚናሉ ጻፉ፦

ሀለሐመሠረሰቀበተ|
1234567890|

ሁለቱ ቋሚ መስመሮች ከተገጣጠሙ የዓምዱ ቆጠራ ትክክል ነው። ከዚያ ሰፋፊዎቹን ጨ፣ ጧ፣ ጯ እና ሟን አስገብታችሁ ድገሙት። መስመሮቹ ተገጣጥመው ፊደሎቹ ከተደራረቡ ጥፋቱ የፎንቱ ነው፤ ላይብረሪ መቀየር አያድነውም። የፎንት መጠን መጨመር ወይም ተርሚናሉ የዓምድ ስፋት ማስተካከያ ካለው ማስፋት ይረዳል።

ዊንዶውስ ላይ ውጤቱ ወደ ፋይል ሲላክ ሌላ ነገር ይነሳል፦ ፓይተን በቆየው የኮድ ገጽ ሊጽፍ ይሞክርና በመጀመሪያው የግእዝ ፊደል ላይ በኢንኮዲንግ ስህተት ይቆማል። የፓይተንን የዩቲኤፍ-8 ሞድ ማብራት ይፈታዋል።

በአንድ እይታ

| | በእጅ | ኮሎራማ | ከርስስ | ብሌስድ | ሪች |
|---|---|---|---|---|---|
| የሚመጥነው | የሚወርድ ጽሑፍ | የሚወርድ ጽሑፍ | ሙሉ ስክሪን | ሁለቱም | የሚወርድ ጽሑፍ |
| መጫን | የለም | አንድ ፓኬጅ | የለም (ከዊንዶውስ በቀር) | ከጥቂት ጥገኞች ጋር | ከነጥገኞቹ |
| ዊንዶውስ | ከ10 ጀምሮ፣ የኤስኬፕ ኮድ ሞዱ ከበራ | አሮጌውም | በተጨማሪ ፓኬጅ | ይሠራል | ይሠራል |
| ወደ ፋይል ሲሄድ | ራሳችሁ አጽዱ | በተጠራው ፈንክሽን ይወሰናል | አይመከርም | ራሱ ይተወዋል | ራሱ ይተወዋል |
| ባለቀለም አሰላለፍ | ራሳችሁ ቁጠሩ | ራሳችሁ ቁጠሩ | ቦታው በቁጥር ይሰጣል | ትክክል | ትክክል |
| ደካማ ግንኙነት | እንደ አጻጻፋችሁ | እንደ አጻጻፋችሁ | ከሁሉ የቀለለ | መካከለኛ | መካከለኛ |
| ቁልፍ ማንበብ | የለም | የለም | አለ | አለ | የለም |

ለየትኛው ሥራ የቱን?

ስህተትን በቀይ፣ የተሳካውን በአረንጓዴ ለማሳየት ብቻ ከሆነ በእጅ ጻፉት። አሮጌ ዊንዶውስ ያላቸው ተጠቃሚዎች ካሉ ኮሎራማን ጨምሩ። ሰማያዊን (34) በጥቁር ላይ፣ ቢጫን (33) በነጭ ላይ አትጠቀሙ፤ ብዙ ተርሚናሎች ላይ አይነበብም። ቀለም ብቻውን ትርጉም እንዳይሸከም «ስህተት» የሚለውን ቃልም አብራችሁ ጻፉ።

ለሪፖርት፣ ለሰንጠረዥና ለረጅም ሂደት ማሳያ ሪች የሚወዳደረው የለም። ጥገኛ ፓኬጆቹን ማስገባት የማይፈቀድበት ማሽን ካልሆነ በስተቀር ሌላ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

ኢንተርኔት በሌለው የሊኑክስ ሰርቨር ላይ የሚቀመጥ መቆጣጠሪያ ስክሪን ለከርስስ የተሠራ ሥራ ነው። ትምህርቱ ጊዜ ይወስዳል፣ ዊንዶውስን መደገፍ ካለበት ደግሞ ብሌስድ ያነሰ ራስ ምታት ነው። ትንሽ ሜኑ በቀስት ቁልፍ እንዲመረጥ ለምትፈልጉም መልሱ ብሌስድ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ፣ ከተጠቃሚ ወይም ከኔትወርክ የመጣ ጽሑፍ ከመታየቱ በፊት ቁጥሩ 27 የሆነውን የኤስኬፕ ባይት አውጡለት። ያ ካልተደረገ ጽሑፉን የላከው ሰው ስክሪናችሁን ሊያጠፋ፣ የመስኮቱን ርዕስ ሊቀይር፣ በአንዳንድ ተርሚናሎች ላይ ደግሞ ክሊፕቦርዳችሁ ውስጥ የፈለገውን ሊያስገባ ይችላል። ስክሪኑ አንዴ ከተበላሸባችሁ ደግሞ የምትተይቡት ባይታይም «ሪሴት» የሚለውን ትእዛዝ በላቲን ፊደል ጽፋችሁ ኢንተር ተጫኑ።